የይለፍ ወረቀትህ የታለ? የአሜሪካ ደቡብ የሌሊት ፓትሮሎች እንዴት ይሠሩ ነበር

በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ አንድ አባባል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰነበተ፦ «የአሜሪካ ፖሊስ የተወለደው ከባርያ ፓትሮል ነው።» አንዱ ወገን እንደ ቀኖና ይዞታል፤ ሌላው ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ይለዋል። ፓትሮሉ ራሱ ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳቋቋመው፣ ሌሊት ሌሊት ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙ ሲናገሩ አይሰማም። ስለዚህ ክርክሩን ለመጨረሻ እናቆየውና ከነገሩ እንጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ፓትሮል ሲባል ምን ማለት ነው?

ከ1700ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1865 ድረስ በአሜሪካ ደቡብ የታጠቁ ነጭ ወንዶች በቡድን በቡድን ሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረስ፣ በባርነት የተያዙ ጥቁሮችን እየዞሩ ይቆጣጠሩ ነበር። ሥርዓቱን ያቆመው ሕግ ነው፤ በየካውንቲው፣ ማለትም በየወረዳው፣ አለቃ ይሾምለታል፣ ክልል ይከለልለታል። መንገድ ላይ ያገኙትን ጥቁር አስቁመው የይለፍ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ጎጆ እየገቡ ይፈትሻሉ፤ ያልተፈቀደ ስብሰባ ይበትናሉ። ወረቀት የሌለውን እዚያው መንገድ ላይ መግረፍም በሕግ የተሰጣቸው ሥልጣን ነበር። ዳኛ የለም፣ ክስ የለም፣ ምስክር የለም።

በደርግ ዘመን የቀበሌ ሮንድ የወጣ፣ ወይም አባቱ ሲወጣ ያየ ሰው የአሠራሩን ቅርጽ ቶሎ ይረዳዋል። ተራህ ሲደርስ ትወጣለህ፤ ከቀረህ ትቀጣለህ፤ አብሮህ የሚዞረው ጎረቤትህ ነው፤ የምትዞረውም በገዛ ሰፈርህ ነው። የደቡቡ ሮንድ ግን ዋና ሥራው ሌባ መጠበቅ አልነበረም። በንብረትነት የተመዘገቡ ሰዎች ከባለንብረቶቹ እጅ እንዳይወጡ፣ እርስ በርስ እንዳይገናኙ፣ እንዳያምፁ ነው የሚዞረው።

ፓትሮሉን ከሌሎች ጋር ማምታታት የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ እንለይ። ካቦው የእርሻው ቅጥረኛ ነው፤ ሥልጣኑ ከእርሻው ወሰን አያልፍም። ባርያ አዳኝ የሚባለው በግሉ የሚሠራ፣ ውሻ አሠልጥኖ የኮበለለን ሰው ለወሮታ የሚከታተል ነው። ሸሪፉና ኮንስታብሉ የፍርድ ቤት ሹማምንት ናቸው። ፓትሮሉ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ማንም የተለየ ጥፋት ሠራ ሳይባል፣ አቤቱታ ሳይቀርብ፣ በመደበኛነት መውጣቱ ነው። አንድ ሰው ቀን ካቦ፣ ሌሊት ፓትሮል ሆኖ መገኘቱ ግን ብርቅ አልነበረም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከካሪቢያን ነው። ባርቤዶስ የምትባለው ትንሽ ደሴት በ1600ዎቹ አጋማሽ በሸንኮራ አገዳ ተሸፈነች፤ አገዳውን የሚያለሙት አፍሪካውያንም ከእንግሊዝ ሰፋሪዎቹ በቁጥር እየበለጡ ሄዱ። በ1661 የደሴቲቱ ምክር ቤት ኋላ ሌሎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እየተቀባበሉ የገለበጡትን የባርነት ሕግ አወጣ። ያለ ወረቀት ከእርሻ መውጣት የተከለከለው በዚያ ሕግ ነው።

በ1670 ካሮላይና ስትቆረቆር ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ የባርቤዶስ ሰዎች ነበሩ። ገንዘባቸውን፣ በባርነት የያዟቸውን ሰዎችና ሕጋቸውን ጠቅልለው መጡ። ካሮላይና በ1696 ያወጣችው ሕግም ከባርቤዶሱ የተቀዳ ነው።

ፓትሮል ራሱን ችሎ የቆመው በ1704 ነው። በወቅቱ እንግሊዝ ከስፔንና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ ስፔኖቹ ደግሞ እዚያው ጎረቤት ፍሎሪዳ ውስጥ ናቸው። የካሮላይና ባለርስቶች እንቅልፍ ያጡት ስለዚህ ነበር፦ ሚሊሻው ጠላት ሊመክት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ቢዘምት፣ ኋላ የቀሩት አፍሪካውያን ቢነሡስ? መፍትሔ ያሉት ከሚሊሻው ጥቂት ሰዎችን ነጥሎ ከዘመቻ ነፃ በማድረግ እርሻ ለእርሻ እንዲዞሩ መመደብ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ፓትሮል ውስጥ የገባ ስለማይዘምት፣ ደኅና ደኅናው ሰው ሁሉ ከጦርነት ለመሸሽ ወደ ፓትሮል ጎረፈ። ጉዳዩ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ በ1721 ፓትሮሉ መልሶ ከሚሊሻው ጋር ተቀላቀለ። የሚፈሩትን ሕዝብ የመጠበቅ ሥራ ስፔንን ከመግጠም የቀለለ ሆኖ ያገኙት ይመስላል።

በዚህ መሀል የሩዝ እርሻ ተስፋፋ። በ1708 ገደማ የሳውዝ ካሮላይና ጥቁር ሕዝብ ከነጩ በለጠ። ቨርጂኒያ በ1727፣ ኖርዝ ካሮላይና በ1753 የየራሳቸውን የፓትሮል ሕግ አወጡ። ጆርጂያ ስትመሠረት ባርነትን ከልክላ ነበር፤ ክልከላው በተነሣ በጥቂት ዓመት፣ በ1757፣ እሷም ተከተለች።

ስቶኖ ላይ ምን ተፈጠረ?

መስከረም 9 ቀን 1739፣ እሑድ ማለዳ፣ ከቻርለስተን ደቡብ ምዕራብ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ወደ 20 የሚሆኑ በባርነት የተያዙ ሰዎች ተሰበሰቡ። መሪያቸው ጄሚ ይባላል፤ ከነበሩትም ብዙዎቹ አንጎላ ከሚባለው የአፍሪካ ክፍል የመጡ ነበሩ። መሣሪያ የሚሸጥበትን የሃቺንሰንን መደብር ሰብረው ሁለቱን ጠባቂዎች ገደሉና ጠመንጃና ባሩድ ይዘው ወደ ደቡብ ተጓዙ። የሚሄዱት ሴይንት ኦገስቲን ወደምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ ነው፤ የስፔን መንግሥት ከእንግሊዞች አምልጦ ለሚመጣ ሁሉ ነፃነት እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ከበሮ እየመቱ፣ ሰንደቅ ይዘው፣ «ነፃነት!» እያሉ ሲጓዙ ሌሎች በየመንገዱ ተቀላቀሏቸውና ቁጥራቸው ከ60 በላይ ሆነ። በመንገዳቸው ያገኟቸውን ነጮች ገደሉ፤ ለሠራተኞቹ ደግ ነው የተባለውን አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ግን ሳይነኩት አለፉ።

ዕድል ሆኖ የቅኝ ግዛቲቱ ምክትል ገዥ ዊልያም ቡል በፈረስ ሲመጣ ድንገት ገጠማቸው፤ ፈረሱን አዙሮ አመለጠና አካባቢውን ቀሰቀሰ። ነጮቹ ወንዶች ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። አመፅ ይነሣል ተብሎ ስለተፈራ በዚያው ሰሞን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መሣሪያ እንዲይዙ የሚያዝ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሚሊሻው ደርሶ ከበባቸው። ከነጮቹ ከ20 በላይ፣ ከአማፂዎቹም ከዚያ የሚበዙ ሰዎች ሞቱ።

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የ1740 ሕግ ለደቡብ ግዛቶች ለመቶ ዓመት ያህል መመሪያ ሆኖ ኖሯል ማለት ይቻላል። ከበሮ ተከለከለ፤ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ለራስ ዘርቶ መሸጥ ተከለከለ። ያለ ወረቀት የተገኘ ሰው እስከ 20 ጅራፍ ይገረፋል። ከሁሉ ደግሞ፣ በባርነት የተያዘን ሰው መጻፍ ያስተማረ 100 ፓውንድ ይቀጣል። ሕጉ ያኔ የጠቀሰው መጻፍን ነው፤ ማንበብን አላነሣም። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ማን ነበር የሚወጣው?

ፊልም ላይ የሚታየው ቡትቶ የለበሰ፣ ጠርሙስ የማይለየው ድሃ ነጭ ነው። መዝገቡ ግን ሌላ ያሳያል። በተለይ በ1700ዎቹ ፓትሮል የሚወጡት ከየማኅበረሰቡ ውስጥ ርስት ያላቸው፣ ራሳቸውም ሰዎችን በባርነት የያዙ ነበሩ። ሴት ባለርስቶችም በሳውዝ ካሮላይና ሕግ ከግዴታው አላመለጡም፤ ተተኪ ወንድ ቀጥረው ይልኩ ነበር። እየቆየ ሀብታሙ መቀጮውን ከፍሎ መቅረትን ሲመርጥ፣ ሸክሙ ወደ መካከለኛውና ወደ ድሃው ዞረ።

ክፍያው እንደየቦታው ይለያያል። አንዱ ዘንድ ግብር ይቀነስልሃል፤ ሌላው ዘንድ ከመንገድ ሥራ ወይም ከፍርድ ቤት ሸንጎ ግዴታ ነፃ ትሆናለህ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በትምባሆ የተከፈለበት ዘመንም አለ። ሉዊዚያና ውስጥ 12 ዓመት በባርነት የኖረው ሰለሞን ኖርዛፕ እንደመሰከረው፣ እሱ በነበረበት አካባቢ ፓትሮሎቹን የሚከፍሏቸው ባለእርሻዎቹ ነበሩ፤ እያንዳንዱ በያዘው ሰው ብዛት ልክ ያዋጣል።

ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ላየው ግን ዋናው ክፍያ ገንዘቡ አልነበረም። አንድም ባርያ የሌለው ድሃ ገበሬ በወር አንድ ሌሊት ጅራፍ ይዞ ሲወጣ፣ የሀብታሙን ጎረቤቱን ንብረት በነፃ እየጠበቀለት ነው። በምላሹ የሚያገኘው፣ ቆዳው ነጭ ስለሆነ ብቻ፣ ማንኛውንም ጥቁር አስቁሞ «ወዴት ነህ?» የማለት ሥልጣን ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከሀብታሙ ጋር አንድ ወገን ሆኗል። ሥርዓቱ ይህን ያህል ዘመን ያለ ብዙ ወጪ የቆየበት አንዱ ምስጢር ይህ ይመስለኛል።

አንድ ሌሊት ምን ይመስል ነበር?

ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ ሰዎች ከመሸ በኋላ አንዱ ቤት ይገናኛሉ። አለቃው በካውንቲው ፍርድ ቤት ወይም በሚሊሻው አዛዥ የተሾመ ነው። ጠመንጃ፣ ጅራፍ፣ ገመድ ይዘዋል፤ ውሻ የሚያስከትሉም አሉ። የሚዞሩበት ክልል ተከፋፍሎ የተሰጣቸው ነው፦ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ መስቀለኛ መንገድ። የጆርጂያው ሕግ በክልላቸው ያለውን እያንዳንዱን እርሻ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲጎበኙ ያዝ ነበር። በተግባር አንዳንዱ ክልል ለወራት ፓትሮል ሳያይ ይከርማል፤ የአመፅ ወሬ ሲነፍስ ደግሞ በየሌሊቱ ይመጣሉ። የሚያስፈራውም ይኸው አለመታወቁ ነበር።

ከሁሉ የሚበዛው ሥራ ቅዳሜ ማታ ነው። በባርነት የተያዙ ብዙ ባልና ሚስት የሚኖሩት በተለያየ እርሻ፣ በተለያየ ጌታ ሥር ነበር። ባል ሳምንቱን ሲሠራ ከርሞ ቅዳሜ ማታ ሚስቱንና ልጆቹን ሊያይ በእግሩ ይጓዛል። ወረቀቱ «እገሌ እስከ ሰኞ ማለዳ ወደ እገሌ እርሻ እንዲሄድ ፈቅጃለሁ» የሚል አጭር ጽሑፍ ነው፤ ከታች የጌታው ፊርማ አለ። ጌታው በቁጣ ወይም በስንፍና ካልጻፈለት ሰውየው ሁለት ምርጫ አለው፦ ልጆቹን ሳያይ መክረም ወይም ጫካ ለጫካ መሄድ። ፓትሮሉ ይህን ስለሚያውቅ የሚያደፍጠው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ የሚፈቅደው 15 ወይም 20 ጅራፍ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የሚቆጥር ግን ራሱ ገራፊው ነው።

ጎጆ ሲፈተሽ የሚፈለገው መጀመሪያ መሣሪያ፣ ቀጥሎ የተሰረቀ ዕቃ፣ ቀጥሎ የሌላ እርሻ ሰው ነው። ኋላ ኋላ መጽሐፍና ወረቀትም ተጨመረ። ሰው ተኝቶ ሳለ በሩን በርግደው ይገባሉ፤ ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ የሚናገሩ ምስክርነቶች ብዙ ናቸው።

ሰዎቹም ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከባርነት የወጡ ሽማግሌዎች በ1930ዎቹ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነሡት አንድ ዘዴ አለ፦ ፓትሮሉ በሚመጣበት መንገድ፣ በፈረስ ጉልበት ልክ፣ የወይን ሐረግ ከዛፍ ዛፍ መወጠር። ፈረሱ ይደናቀፋል፣ ፈረሰኛው ይወድቃል፣ ጸሎት ላይ የነበረው ሰው ይበተናል። ሌላው ብረት ድስት ነው። በድብቅ ለመጸለይ ሲሰበሰቡ ድስቱን በር ላይ ይደፉታል፤ ድምፁን ይውጥልናል ብለው ያምኑ ነበር። ሕፃናት ሳይቀሩ ስለ ፓትሮሉ የሚዘፍኑት ዘፈን ነበራቸው፤ ጭብጡ «ሩጥ፣ ሳይዙህ ሩጥ» ነው።

ለምንድን ነው ወረቀቱ ይህን ያህል የከበደው?

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ያለው መታወቂያ የለም። ማንነትን የሚያረጋግጠው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መጻፍ የቻለ ሰው ለራሱ ፈቃድ መስጠት ቻለ ማለት ነው። የ1740ው ሕግ መጻፍን ነጥሎ የመታው በዚህ ምክንያት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሳውዝ ካሮላይና ማንበብ ማስተማርንም የከለከለችው ከዘመናት በኋላ፣ በ1834 ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ የሚባለው ታላቅ ተናጋሪ በወጣትነቱ፣ በ1836፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ለማምለጥ ሲያቅድ ለእያንዳንዳቸው ጌታ የፈቀደ የሚመስል የይለፍ ወረቀት ጻፈ። ነገሩ ተነቃባቸው። ሰዎች መጥተው ሲያስሯቸው ሄንሪ የተባለው ጓደኛው አልታሰርም ብሎ ግብግብ ገጠመ፤ በዚያ ትርምስ መሀል ዳግላስ የራሱን ወረቀት እሳት ውስጥ ወረወረ። ታስረው ወደ እስር ቤት ሲነዱ ሄንሪ በሹክሹክታ «የኔን ምን ላድርገው?» አለው። ዳግላስም ከብስኩትህ ጋር ብላው አለ። በላው። ማስረጃ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግላስ በመጨረሻ ሲያመልጥም የተጠቀመው ወረቀት ነው፤ ከአንድ ነፃ ጥቁር መርከበኛ የተዋሰውን ሰነድ።

አስቂኝ ገጽታም አለው። ከፓትሮሎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ምንም ዓይነት ጽሑፍ ያለበትን ብጣሽ አሳይተናቸው አለፍን የሚሉ የዓይን ምስክሮች አሉ።

ባለርስቶቹ በፓትሮሉ ይደሰቱ ነበር?

ሁልጊዜ አይደለም። ለጌታው የተገረፈው ሰው ንብረቱ ነው፤ ሰኞ ካልሠራ ኪሳራው የእሱ ነው። ስለዚህ «ሥልጣናችሁን አልፋችሁ ሰውየዬን ጎዳችሁ» ብለው ፓትሮሎችን የከሰሱ ባለርስቶች ነበሩ፤ ዳኞችም ቡድኑ በአግባቡ ተሹሟል ወይ፣ ቁጥሩ ሞልቷል ወይ፣ ግርፋቱ ከልክ አልፏል ወይ እያሉ ተከራክረዋል። የተገረፈው ሰው ግን በነጭ ላይ መክሰስም መመስከርም አይችልም።

በከተማስ?

ከተማ ውስጥ ሥራው ለተራ ዜጋ የሚተው አልነበረም። ቻርለስተን ደመወዝ የሚከፈለው፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ የታጠቀ የከተማ ዘብ ነበራት። ማታ ደወል ይደወላል፣ ከበሮ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ወረቀት የተገኘ ጥቁር ይታሰራል። በቀን ለሌላ ሰው ተከራይቶ የሚሠራው ደግሞ የሙያው ዓይነትና ዓመቱ የተቀረጸበት የብረት መለያ ያንጠለጥላል። በ1822 ዴንማርክ ቬሲ የተባለ ነፃ ጥቁር አናጢ አመፅ አሲሯል ተብሎ እሱን ጨምሮ 35 ሰዎች ከተሰቀሉ በኋላ ከተማዋ ይበልጥ ተጠናከረች፤ መርከብ ላይ ለሚሠሩ የውጭ ነፃ ጥቁሮች እንኳ መርከባቸው ወደብ ላይ እስካለ ድረስ እስር ቤት እንዲቆዩ ሕግ ወጣ። የከተማዋ ማረሚያ ቤት ጌታው ገንዘብ ከፍሎ ሰው የሚያስገርፍበት ቦታ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተንም የራሷ ነበራት፦ ነፃ የሆኑት ጥቁሮች ሳይቀሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎዳና ላይ ከተገኙ የሚቀጡበት የሰዓት እላፊ ደንብ። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ዱክ ጎዳና ላይ፣ በዘመኑ ከአገሪቱ ትልልቅ የባርያ ነጋዴዎች የነበሩት ፍራንክሊንና አርምፊልድ ቢሯቸውና ማጎሪያቸው ነበር። ሕንፃው አሁን ሙዚየም ነው።

አመፅ ሲነሣ ምን ይሆናል?

በነሐሴ 1831 በባርነት የተያዘው ናት ተርነር በቨርጂኒያ ሳውዛምፕተን ካውንቲ የመራው አመፅ ከ50 በላይ ነጮችን ገደለ። ቀጥሎ የመጣው በቀል በአመፁ ያልተካፈሉ ብዙ ጥቁሮችን ጨረሰ። ሚሊሻውና ፓትሮሉ ተቀላቅሎ ከአመፁ ቦታ ርቀው ያሉ ከተሞችን ሁሉ አመሰ።

ኖርዝ ካሮላይና፣ ኤደንተን ውስጥ በባርነት የነበረችው ሃሪየት ጄኮብስ ቤታቸው የተፈተሸበትን ቀን በዝርዝር ጽፋዋለች። ፈታሾቹ እንደሚመጡ ስታውቅ የአያቷን ቤት ከወትሮው አሳምራ አዘጋጀችው፤ ነጭ አልጋ ልብስ አነጠፈች፣ አበባ አስቀመጠች። ጥቁር ሰው በወግ በማዕረግ ሲኖር ማየት ያበሳጫቸዋል፣ ስለዚህ ይበሳጩ ብላ ነው። መጡ፣ ሣጥን ሁሉ ገለበጡ። የተጻፈ ወረቀት አገኙ። አለቃው ማንበብ ትችይ እንደሆነ ጠየቃት፤ እችላለሁ ስትለው ተሳድቦ ወረቀቱን ቀዳደደው፣ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አምጪ አላት። የለኝም አለች።

በ1850 ደግሞ ኮንግረስ የኮበለሉ ሰዎችን የማስመለስ አዲስ ሕግ አጸደቀ። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለጌታው ካስረከበ 10 ዶላር፣ ነፃ ከለቀቀ 5 ዶላር ይከፈለዋል። ለማምለጥ የረዳ 1,000 ዶላርና 6 ወር እስር ይጠብቀዋል። ሰሜኑም ከእንግዲህ ከነገሩ ውጪ መሆን አልቻለም።

ባርነት ሲቀር ፓትሮሉ ምን ሆነ?

በእርስ በርስ ጦርነቱ ፓትሮል የሚወጡት ወንዶች ዘመቱና መንገዱ ጭር አለ። ኮንፌደሬሽኑ፣ ማለትም የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት፣ በ1862 20 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ እንዲያስቀር የፈቀደው፣ ጠባቂ ጠፋ ተብሎ ነው። ያልተፈቀደላቸው ድሆች ወታደሮች «የሀብታም ጦርነት፣ የድሃ ፍልሚያ» ብለው አጉረመረሙ። በ1865 ሕጉ ራሱ ከባርነት ጋር ቀረ።

አሠራሩ ግን ወዲያው በሌላ ልብስ ብቅ አለ። ሉዊዚያና ውስጥ ሴንት ላንድሪ የሚባለው አውራጃ በ1865 ክረምት ባወጣው ደንብ፣ ማንም ጥቁር ከአሠሪው የተጻፈ ልዩ ፈቃድ ሳይኖረው በአውራጃው ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም አለ፤ ጥፋተኛ ይዞ ለፓትሮል አለቃ ማስረከብም የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ ነው አለ። በደንቡ መሠረት ሰዎቹ ነፃ ናቸው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው ያልቀረው። ሚሲሲፒ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነፃ የወጡት ሰዎች ሥራና መኖሪያ እንዳላቸው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ በየዓመቱ ጥር ላይ እንዲኖራቸው አስገደደች። ሌሊት በፈረስ የሚዞረውን ሥራ ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ፑላስኪ በምትባል ከተማ የተቋቋመው የነጭ የበላይነት አራማጆች ድብቅ ማኅበር፣ ኩ ክላክስ ክላን፣ ያለ ሕግ ወሰደው። ሁለቱንም ያዩ ሽማግሌዎች ሲናገሩ አንዳንዴ ፓትሮሉንና ክላኑን ሳይለዩ ይጠሯቸዋል።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን?

ግማሹ ከክፍያ ደረሰኝ ነው። ፓትሮል የወጣ ሰው ስንት ሌሊት እንደዞረ ምሎ ሒሳቡን ለካውንቲው ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ የተሿሚዎች ዝርዝርና የክፍያ ትእዛዝም ተጽፎ ይቀመጣል። ሌላው ግማሽ የተጎጂዎቹ ቃል ነው። ከ1936 እስከ 1938 የፌዴራል መንግሥት የቀጠራቸው ጸሐፊዎች በባርነት ተወልደው በሕይወት ያሉ ከ2,300 በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ነጮች ነበሩ፤ ዘመኑም ጥቁር ሰው ለነጭ ያሻውን የማይናገርበት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲነበብ የተባለውንም ያልተባለውንም ማሰብ ግድ ይላል።

ታዲያ የዛሬው ፖሊስ ከዚህ ነው የመጣው?

መልሱ የየት ከተማ ፖሊስ ነው በሚለው ይወሰናል። ቻርለስተን ላይ አባባሉ ከሞላ ጎደል ያስኬዳል፤ ቦስተን በ1838፣ ኒውዮርክ በ1845 ፖሊስ ከማቋቋማቸው ብዙ ቀደም ብሎ ቻርለስተን ደመወዝተኛና የታጠቀ ኃይል ነበራት፤ ዋና ሥራውም ጥቁሮችን መቆጣጠር ነበር። ኒውዮርክ ላይ ግን አያስኬድም። የሰሜኑ ፖሊስ ከሌሊት ዘብና ከኮንስታብል ተነሥቶ፣ በ1829 የተቋቋመውን የለንደን ፖሊስ አይቶ፣ የከተማ ረብሻንና አዲስ የሚጎርፈውን ስደተኛ በማሰብ የተሠራ ነው። ሸሪፍነት ደግሞ ከፓትሮሉ ይቀድማል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1634 ጀምሮ ነበር። ይህ ማለት ሰሜኑ እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፦ በ1854 ከቨርጂኒያ ያመለጠውን አንተኒ በርንስን መልሶ ለመላክ የቦስተን ፖሊስና ሚሊሻ መንገዱን ዘግቶ እስከ መርከቡ ድረስ አጅቦታል።

እኔ እንደማየው ክርክሩ የሚበላሸው የመሥሪያ ቤት የዘር ሐረግ ስለሚፈለግ ነው። ፓትሮሉን ወርሶ በቀጥታ የቀጠለ አንድ ተቋም አይገኝም። ጥፋት ሳይኖር አስቁሞ «ወረቀትህ የታለ? እዚህ ምን ትሠራለህ?» የማለት ልማድ ግን ከሕግ ወደ ሕግ ሲሸጋገር በመዝገብ ላይ ይታያል፤ የሴንት ላንድሪው ደንብ አንዱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ክርክር አለ፤ ስለ ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ማለትም ስለ መሣሪያ መያዝ መብት። በ1788 ቨርጂኒያ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ሪችመንድ ላይ ስትመክር የግዛቲቱ የቀድሞ ገዥ ፓትሪክ ሄንሪ ሚሊሻው በኮንግረስ እጅ ከገባ ግዛቶቹ የባርያ አመፅን በራሳቸው መግታት ያቅታቸዋል ብሎ ተከራክሯል። ከዚህ ተነሥተው ማሻሻያው የተጻፈው ፓትሮሎቹን ለመጠበቅ ነው የሚሉ የሕግ ሊቃውንት አሉ። የሚቃወሟቸው ደግሞ የሚያነሡት ሐቅ አለ፦ ፔንስልቬኒያ በ1776፣ ማሳቹሴትስም በ1780 ስለ መሣሪያ መያዝ መብት የሚናገር አንቀጽ በየራሳቸው ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብተው ነበር። ሁለቱም ዘንድ ደቡብ የነበረው ዓይነት ፓትሮል አልነበረም።